የግሪክ ተረት ለትንንሽ ልጆች፦ በስልክና በወረቀት የሚሠራ አኒሜሽን

«የግሪክን ተረት በአማርኛ፣ በአኒሜሽን ለልጆቼ መሥራት እፈልጋለሁ። ኮምፒውተር የለኝም፤ ሥዕልም አልችልም። ከየት ልጀምር?» ይህ ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣልኛል። የሚጠይቁኝ ወላጆች ናቸው፤ የመዋዕለ ሕፃናት መምህራን ናቸው፤ ባሕር ማዶ ሆነው ልጆቻቸው አማርኛ እንዳይጠፋባቸው የሚጥሩም አሉ። ለእያንዳንዱ ቁርጥራጭ መልስ ከምልክ ሙሉውን እዚህ አስቀምጬዋለሁ።

የምትሠሩት ከ4 እስከ 7 ዓመት ለሆኑ ልጆች የሚሆን፣ 3 ደቂቃ ያህል የሚፈጅ ቪዲዮ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ወረቀት ትቆርጣላችሁ፣ ጠረጴዛ ላይ ታስተኛላችሁ፣ ጥቂት ጥቂት እያንቀሳቀሳችሁ ከላይ ፎቶ ታነሳላችሁ። ፎቶዎቹ በፍጥነት ሲከታተሉ ወረቀቱ በራሱ የሚሄድ ይመስላል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ ተረት ላይ እንሠራለን፤ የነካው ሁሉ ወርቅ በሆነበት በንጉሥ ሚዳስ።

ብዙ ሰው ሥዕሉን ይጀምርና ድምፁን መጨረሻ ላይ ይለጥፋል። እዚህ የምንሄደው በተቃራኒው ነው። ድምፅ ይቀድማል፤ ሥዕል ይከተላል። ምክንያቱን ደረጃ 4 ላይ ታገኙታላችሁ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ካሜራው ደህና የሆነ ስልክ፣ ጥቂት ጊጋባይት ባዶ ቦታ ያለው
- ፎቶ በተከታታይ የሚያነሳ አፕ። ስቶፕ ሞሽን ስቱዲዮ በአንድሮይድም በአይፎንም ይሠራል። ነጻው ለመጀመሪያ ሥራ ይበቃል
- ቪዲዮ ማቀናበሪያ አፕ፦ ካፕከት፣ ኢንሾት፣ የለመዳችሁት
- የድምፅ መጨመሪያ ቁልፍ ያለው ባለ ገመድ ኢርፎን
- ስስ ካርቶን። የጫማ ካርቶን ክዳንም ይሆናል
- ለመደብ (ከገጸ ባሕርያቱ ኋላ ለሚታየው ሥዕል) የሚሆን ኤ3 ወረቀት፣ 4 ወይም 5
- የማያብለጨልጭ ቀለም (የውሃ ቀለም ወይም የቀለም እርሳስ)
- መቀስ፣ ኮላ፣ ፕላስተር፣ መርፌና ወፍራም ክር፣ ስቴኪኒ
- አንድ ዓይነት አምፖል ያላቸው ሁለት የጠረጴዛ መብራቶች
- ትራይፖድ። ከሌለ ሁለት የመጻሕፍት ቁልል እና በላያቸው እንደ ድልድይ የሚጋደም ጠንካራ ጣውላ
- ፓወር ባንክ። መብራት የሚሄደው ሁልጊዜ ሥራው ሲሞቅ ነው

ደረጃ 1፦ ተረቱን ምረጡ

መመዘኛው አንድ ነው። ድምፁ ቢጠፋ እንኳ ዋናው ነገር በዓይን ይታያል? ሚዳስ ላይ ይታያል። ተራው ነገር ወርቅ ይሆናል፤ በቃ። ማንም አይሞትም፤ ውጊያም የለም። በወረቀት ለመሥራትም የሚያመች ነው፤ አንዱን ቁራጭ አንስቶ በሌላ መተካት ብቻ ነው።

ለቀጣዩ ጊዜ የሚሆኑ ሌሎችም አሉ። ሕፃኑ አምላክ ሄርሜስ የሌላውን አምላክ የአፖሎን 50 ላሞች የሰረቀበት ተረት ልጆችን ያስቃል፤ ዱካው እንዳይታወቅ ላሞቹን ወደ ኋላ ነው ያስኬዳቸው። አማልክቱ አቴና እና ፖሲዶን አንዲት ከተማ ለማግኘት የተፎካከሩበትም ጥሩ ነው። እሱ የጨው ውሃ ምንጭ ያፈልቃል፣ እሷ የወይራ ዛፍ ታበቅላለች፣ እሷ ታሸንፋለች። ጀግናው ቴሴዎስ ጭራቅ ካለበት ግራ የሚያጋባ ሕንፃ በክር ኳስ መንገዱን ያገኘበትም አለ፤ ጭራቁን ግን ጥላውን ብቻ አሳዩ።

ለዚህ ዕድሜ የማይሆኑትን ደግሞ አትነካኩ። ክሮኖስ ልጆቹን ሲውጥ፣ ንስር የፕሮሜቴዎስን ጉበት ሲበላ፣ ሜዲያ የምትባለው እናት ልጆቿን ስትገድል፣ እነዚህ ይቆዩ። የ4 ዓመት ልጅ ታሪኩን ከራሱ ቤት ለይቶ አያይም። ልጅ የሚውጥ አባት አይቶ ከተኛ፣ ሌሊት የምትነቁት እናንተ ናችሁ።

«የአንድሮሜዳ ተረትስ? እሷ የኢትዮጵያ ልዕልት አይደለችም እንዴ?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። በግሪኮቹ ተረት አዎ፤ የንጉሥ ኬፌዎስና የካሲዮፔያ ልጅ ናት። ግሪኮች ግን «ኢትዮጵያ» የሚሉት ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ሰፊ አገር በጅምላ ነበር። ተረቱ ሰንሰለት አለው፣ የባሕር አውሬ አለው፣ በራሪ ጀግና አለው። ለመጀመሪያ ሥራ ይከብዳል። ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ አድርጉት።

ደረጃ 2፦ ተረቱን እስከ አጥንቱ አሳጥሩ

ወረቀት አውጡና ተረቱን በ7 ዓረፍተ ነገር ጻፉት። የሚዳስ ይህን ይመስላል፦

ሀ. ሚዳስ የፍርግያ ንጉሥ ነው፤ ወርቅ ይወዳል።
ለ. ገበሬዎች መንገድ የጠፋበት ሽማግሌ ያመጡለታል።
ሐ. ሚዳስ ሽማግሌውን 10 ቀን ጋብዞ ያስተናግደዋል።
መ. የሽማግሌው ወዳጅ፣ የወይን አምላክ ዲዮኒሶስ፣ ደስ ብሎት «የፈለግከውን ጠይቀኝ» ይለዋል።
ሠ. ሚዳስ «የነካሁት ሁሉ ወርቅ ይሁን» ይላል፤ ይሆንለታል።
ረ. ዳቦውም ውሃውም ወርቅ ይሆናል፤ ሚዳስ ይርበዋል፣ ይጠማዋል።
ሰ. «ውሰድልኝ» ብሎ ይለምናል። በፓክቶሎስ ወንዝ ይታጠባል። ወርቁ ከእሱ ወጥቶ ወደ ወንዙ አሸዋ ይገባል።

ይህ ለምን ይጠቅማል? አንዱ ዓረፍተ ነገር አንድ ወይም ሁለት ትዕይንት ይሆናል። ከ7 ከበለጠ 3 ደቂቃ አይበቃችሁም። ከዚያ ወይ ትቸኩላላችሁ፣ ወይ ቪዲዮው ይንዛዛል።

ስታሳጥሩ መቀነስ ትችላላችሁ፤ መገልበጥ ግን አትችሉም። ታሪኩን በሰፊው የተረከው ሮማዊው ባለቅኔ ኦቪድ ሽማግሌው ሲሌኖስ ሰክሮ እንደተገኘ ይናገራል። ለልጅ «መንገድ የጠፋበት» ይበቃል። ገበታው ላይ የነበረውን ወይን ጠጅም በውሃ ተኩት። ነገሩ አልተዛባም። ሚዳስ ወርቁን ይዞ በደስታ ኖረ ካላችሁ ግን ተረቱ የለም፤ ሌላ ነገር ነው የሠራችሁት።

ብዙዎች የሚጨምሯት ወርቅ የሆነች የንጉሡ ልጅ አለች። በጥንቱ ተረት የለችም፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አንድ አሜሪካዊ ደራሲ የጨመራት ናት። እኔ ለትንንሾቹ እተዋታለሁ። አባቷን አቅፋ ሐውልት ሆና የምትቀር ልጅ ከዳቦው ይልቅ ታስፈራለች፤ ዳቦው ደግሞ ሥራውን ብቻውን ይሠራል።

ቦታውንም አትቀይሩ። ፍርግያ ዛሬ ቱርክ ውስጥ ነው። ገበታው ላይ ዳቦ፣ ወይራ፣ በለስ፣ የወይን ፍሬ ይቀመጥ። እንጀራ የሚያስቀምጡ አይቻለሁ። ለጊዜው ያስቃል፤ ነገር ግን ልጁ ነገ ትምህርት ቤት ትክክለኛውን ሚዳስ ሲያገኘው አያውቀውም።

ደረጃ 3፦ የሚነበበውን ጻፉ

ለ3 ደቂቃ 250 ቃል ይበቃል። ለትንሽ ልጅ በደቂቃ ከ80 እስከ 90 ቃል ስታነቡ ነው የሚከተላችሁ። ከዚያ በላይ ከሆነ ሥዕሉን ያያል እንጂ አይሰማም።

አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። ዓረፍተ ነገሩ ከረዘመ ልጁ ማን ምን እንዳደረገ የሚያውቀው ዘግይቶ ነው፤ እስከዚያ መጀመሪያውን ረስቶታል። ስለዚህ ከ5 ወይም ከ6 ቃል አትለፉ። ባሕር ማዶ ለሚያድጉ፣ አማርኛ ሰምተው በእንግሊዝኛ ወይም በዕብራይስጥ ለሚመልሱ ልጆች ደግሞ 4 ቃል ይሻላል።

የሚደጋገም አንድ ሐረግ ይኑራችሁ። ልጆች ሦስተኛው ላይ አብረው ይሉታል። እንዲህ፦

«ተረት ተረት!
[2 ሰከንድ ዝምታ፤ ልጆቹ «የላም በረት!» እንዲሉ]
በድሮ ዘመን ሚዳስ የሚባል ንጉሥ ነበር። ሚዳስ ወርቅ ይወዳል። በጣም ይወዳል!
…
ሚዳስ ቅርንጫፍ አየ። ነካው። ወርቅ ሆነ!
ድንጋይ አየ። ነካው። ወርቅ ሆነ!
ፖም አየ። ነካው። ወርቅ ሆነ!
ሚዳስ ሳቀ። ጨፈረ። ከዚያ ራበው።
ዳቦ አየ። ነካው…
[3 ሰከንድ ዝምታ]»

ያቺ የ3 ሰከንድ ዝምታ የቪዲዮው ልብ ናት። ልጁ «ወርቅ ሆነ!» ይላል፤ ብሎ ሲያበቃ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። እናንተ ከቀደማችሁት ግን አለቀ።

መዝጊያው አስቀድሞ ተዘጋጅቶላችኋል። «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ስትሉ ሚዳስ እውነተኛ ዳቦ ይገምጥ።

በስሞች አትጨናነቁ። ሚዳስ እና ዲዮኒሶስ ይበቃሉ፤ ሲሌኖስ «ሽማግሌው» ይባል። አንዱን አጻጻፍ ምረጡና በድምፅም በጽሑፍም እሱኑ ብቻ ተጠቀሙ። አንዴ ዲዮኒሶስ፣ አንዴ ዳዮኒሰስ ካላችሁ ልጁ ሁለት ሰው ይመስለዋል።

ስለ አማልክቱ ሁሉም ይጠይቀኛል። «ቤታችን ጸሎት አለ፤ ልጄ ይደናገርብኛል» ይላሉ። አንድ ዓረፍተ ነገር ይፈታዋል፦ «የጥንት ግሪኮች እንዲህ ብለው ያወሩ ነበር።» መጀመሪያ ላይ አስገቡትና እለፉ። ማብራሪያ፣ ማስተባበያ፣ ስብከት አትጨምሩ። ተረት መሆኑን «ተረት ተረት» ራሱ ነግሮታል።

ደረጃ 4፦ ድምፁን ቅዱ

አሁን የገባሁትን ቃል ልፈጽም። ሥዕልን በድምፅ ልክ ማስረዘም ይቻላል፤ አንድ ፎቶ ለጥቂት ሰከንድ ማቆየት ነው። ድምፅን በሥዕል ልክ መሳብ ግን አይቻልም። ሥዕሉ ካለቀ በኋላ የሚያነብ ሰው ይሮጣል፤ ዝምታዎቹም ይጠፋሉ።

1. ልብስ የበዛበት ክፍል ምረጡ። ካልሆነ ጋቢ ተከናንባችሁ አንብቡ። ልብስ ማስተጋባቱን ይውጠዋል።
2. ሰዓቱን ምረጡ። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ መኪናውም ድምፅ ማጉያውም ረገብ ይላል። የሰፈሩ ውሻ ዕድል ነው።
3. ስልኩን ከአፋችሁ አንድ ስንዝር አርቁ። ፊት ለፊት ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን ይሁን፤ «ፕ» እና «ፍ» ስትሉ የሚወጣው ትንፋሽ ማይኩን እንዳይመታው።
4. ሙሉውን ሁለት ጊዜ አንብቡ። አንዱ ላይ የተበላሸውን ከሌላው ትወስዳላችሁ።
5. መጨረሻ ላይ 10 ሰከንድ ዝም ብላችሁ የክፍሉን ዝምታ ቅዱ። ዝምታዎቹን የምትሞሉት በዚህ ነው። ባዶ ድምፅ ካስገባችሁ ስፒከሩ የተበላሸ ይመስላል።

አነባበቡን በተመለከተ አባባ ተስፋዬን አስታውሱ። ልጆቹን ፊታቸው እንደተቀመጡ አድርገው በቀጥታ ነበር የሚያናግሩት። ድምፃችሁን አታቅጥኑ፤ እንደ ሕፃን አትኮላተፉ። ልጅ ሲኮላተፉለት የተናቀ ይመስለዋል። ለሚዳስ ንግግር ድምፃችሁን ትንሽ ማወፈር ይበቃል።

ደረጃ 5፦ ሰከንዶቹን መዝግቡ

ድምፁን ማቀናበሪያው ላይ ጫኑና እያዳመጣችሁ ወሳኝ ቃላት የሚሰሙበትን ሰከንድ ጻፉ። የምንሠራው በሰከንድ 8 ፎቶ ነው። ስለዚህ ሰከንዱን በ8 አባዙ። የፖሙ «ወርቅ ሆነ» 1 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ላይ ከመጣ 72 ጊዜ 8፣ 576ኛው ፎቶ ላይ ማለት ነው። ፖሙ ቢጫ መሆን ያለበት እዚያ ነው።

ለምን 8? ሦስት ደቂቃ በ8 ሲሰላ 1,440 ፎቶ ነው። በ12 ከሆነ 2,160 ይሆናል። 12 ይበልጥ ይለሰልሳል፤ ግን የወረቀት ሥራ ትንሽ መቆራረጥ ያምርበታል። ደግሞም 1,440ውን ሁሉ አታነሱም። ምንም የማይንቀሳቀስበት ቦታ ላይ አንዱ ፎቶ ይቆያል።

ደረጃ 6፦ ገጸ ባሕርያቱን ቁረጡ

መጀመሪያ የሥዕሉን ክልል ለኩ። ኤ3 ወረቀት ወርዱ 42 ሴንቲ ሜትር ነው። የቪዲዮ ቅርፅ 16 በ9 ስለሆነ ቁመቱ 23.6 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይታያል። ይህን በእርሳስ አስምሩ። ካላሰመራችሁ የሚዳስ ጭንቅላት ከላይ ይቆረጣል።

ሚዳስን 15 ሴንቲ ሜትር ያህል አድርጉት። ቁራጮቹ ራስ፣ ከትከሻ እስከ ክርን፣ ከክርን እስከ እጅ፣ እና እስከ መሬት የሚደርስ ረጅም ቀሚስ የለበሰ አካል ናቸው። እግር አትሥሩለት። ቀሚሱ ከሸፈነው ማንሸራተት ብቻ ነው፤ እግር ማስኬድ ግን ጀማሪን ያሰለቻል።

መገጣጠሚያውን በመርፌ ብሱና ክር አሳልፉ፤ ከፊትም ከኋላም ቋጥሩ። ጠበቅ ይበል። ከላላ እጁ በራሱ ይወርዳል።

እጁን ከአካሉ ጋር ሲነጻጸር ተለቅ አድርጉት። የዚህ ተረት ዋና ተዋናይ እጅ ነው፤ ልጁ መከተል ያለበት እሱን ነው። የዓይኑን ብሌን አትሣሉት። ትንንሽ ጥቁር ክብ ቆርጣችሁ ነጩ ላይ አስቀምጡና በስቴኪኒ ጫፍ አንቀሳቅሱት። ብሌኑ ወደ ዳቦው ሲዞር የልጁ ዓይን አብሮ ይዞራል። ለአፉ ሦስት ይበቃል፦ የተዘጋ፣ የሳቀ፣ የደነገጠ። የሚናገረው ተራኪው ስለሆነ ከንፈር ከቃል ጋር ማስማማት አያስፈልግም።

ራሱ ላይ ጫፉ ወደ ፊት ያዘነበለ ለስላሳ ቆብ አድርጉለት። በጥንት ሥዕሎች የዚያ አገር ሰው በዚህ ቆብ ይታወቃል። በኮላ ግን አታጣብቁት።

ለልብስና ለዕቃ ሞዴል ከፈለጋችሁ ኒው ዮርክ ያለው የሜትሮፖሊታን ሙዚየም ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የብዙ ጥንታዊ ዕቃዎቹን ፎቶ ለማንም ነጻ አድርጓል። የግሪክ ማሰሮዎቹን ፈልጉ፤ ጠርዛቸው ላይ ያለው የተጠማዘዘ መስመር ለቪዲዮው ክፈፍ ይሆናል። የታወቀ የካርቱን ፊልም ገጸ ባሕርይ ግን አትቅዱ። ተረቱ የማንም አይደለም፤ የፊልሙ ሥዕል ግን ባለቤት አለው።

ዲዮኒሶስስ? ሰው አታድርጉት። የወይን ሐረግ የእሱ ምልክት ነው። ከሥዕሉ ጠርዝ የወይን ሐረግ እያደገ ይግባ፣ ድምፅ ይናገር። አንድ ገጸ ባሕርይ ከመቁረጥ ትድናላችሁ፤ ለልጁም ከጢማም ሰውዬ ይልቅ ደስ ይላል።

ደረጃ 7፦ ወርቁን አዘጋጁ

እያንዳንዱ የሚነካ ነገር አራት ቅጂ ይኖረዋል፦ ተራው፣ ሲሶው ቢጫ፣ ሁለት ሲሶው ቢጫ፣ ሙሉው ቢጫ። ቢጫው ከእጁ በኩል ይጀምር። ቅጂዎቹን መስኮት ላይ ለጥፋችሁ በብርሃን አስምሩ፤ ልካቸው አንድ መሆን አለበት። ሚሊ ሜትር ከተለያዩ ፖሙ ወርቅ ሲሆን ይዘላል።

የሚያብለጨልጭ ወርቃማ ወረቀት አትጠቀሙ። ሁሉም የሚሳሳተው እዚህ ነው። በእጅ ሲይዙት ያምራል፤ ከላይ መብራት ሲያርፍበት ግን ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ተራ ቢጫ ቀለም ቀብታችሁ ጠርዙን በቡናማ ብታደምቁት ከእውነተኛው በላይ ወርቅ ይመስላል።

ሌላው ደግሞ ቢጫን ቆጥቡ። ሚዳስ እስኪነካ ድረስ ሥዕሉ ላይ ቢጫ አይኑር፤ ፀሐይም ብትሆን ነጭ ትሁን። መደቡን ግራጫ፣ ደብዛዛ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ አድርጉት። ዳቦው ላይ ልብ በሉ። ዳቦን ሰው በልማድ ቢጫማ ቡናማ ይቀባዋል፤ ወርቅ ሲሆን ለውጡ አይታይም። ጠቆር ያለ ቡናማ ይሁን።

ደረጃ 8፦ ካሜራና መብራት

ስልኩን ከላይ ወደ ታች አቅኑና በፕላስተር አጥብቁ። አፑ ውስጥ ፎከሱን፣ ብርሃኑንና የነጭ ቀለም ሚዛኑን ቆልፉ። ካልቆለፋችሁ ስልኩ በየፎቶው በራሱ ያስተካክላል፤ ቪዲዮው ብልጭ ድርግም ይላል። መጋረጃ ዝጉ፤ ደመና መጣ ሄደ እያለ ይበጠብጣችኋል። መብራቶቹን ከግራና ከቀኝ አዘንብላችሁ አስቀምጡ። ጠቆር ያለ ልብስ ልበሱ፤ ነጭ ሸሚዝም ሆነ ነጭ ነጠላ ብርሃኑን ወረቀቱ ላይ ይመልሳል። የአውሮፕላን ሞድ አብሩ። ፎቶውን በኢርፎኑ ቁልፍ አንሱ፤ ስልኩን በጣት መንካት ያንቀጠቅጠዋል።

ደረጃ 9፦ አንሱ

በተረቱ ቅደም ተከተል አታንሱ፤ በመደብ አንሱ። የግቢው ትዕይንት ሁሉ አንድ ላይ፣ የገበታው አንድ ላይ፣ የወንዙ አንድ ላይ። መደብ በቀየራችሁ ቁጥር ብርሃኑ ትንሽ ይለወጣልና።

አፑ ያለፈውን ፎቶ በስሱ ደርቦ የሚያሳይበትን አማራጭ ክፈቱ። ምን ያህል እንዳንቀሳቀሳችሁ የምታውቁት በእሱ ነው።

የዳቦውን ትዕይንት ፎቶ በፎቶ ላሳያችሁ፦

- ከ1 እስከ 8፦ እጁ አይንቀሳቀስም። ብሌኑ ብቻ ወደ ዳቦው ይሄዳል። ልጁ ሊሆን ያለውን የሚገምተው እዚህ ነው።
- ከ9 እስከ 16፦ እጁ ይሄዳል። መጀመሪያ 2 ሚሊ ሜትር፣ ቀጥሎ 5፣ ቀጥሎ 10፣ ከዚያ እንደገና 5 እና 2። እኩል እኩል ካስኬዳችሁት ማሽን ይመስላል፤ የሰው እጅ ሲነሳና ሲደርስ ይዘገያል።
- ከ17 እስከ 20፦ ጣቱ ነክቷል። መጀመሪያ ተራው ዳቦ፣ ከዚያ በየፎቶው አንድ ቅጂ ትቀይራላችሁ።
- ከ21 እስከ 44፦ ምንም አይንቀሳቀስም። አንድ ፎቶ፣ 3 ሰከንድ። የልጁ መልስ የሚገባበት ዝምታ ይህ ነው።
- ከ45 ጀምሮ፦ አፉ ወደ ደነገጠው ይቀየራል፤ ብሌኑ ከዳቦው ወደ ገዛ እጁ ይዞራል።

ቅጂ ስትቀይሩ የድሮው ቁራጭ የነበረበትን ጠርዝ መደቡ ላይ በጣም ቀጭን የእርሳስ ነጥብ ምልክት አድርጉበት። አዲሱ እዚያው ያርፋል።

ለውሃው ቀጫጭን ሰማያዊ የወረቀት ክሮች ይበቃሉ፤ በየፎቶው አንዱን ክር በቢጫ ተኩ። ወንዙ ላይ ደግሞ ተቃራኒውን ሥሩ። ቢጫው ከሚዳስ እጅ ወጥቶ ወደ አሸዋው ይሂድ።

አንድ ትዕይንት ባለቀ ቁጥር አስቀምጡና ወደ ሌላ ቦታ ቅዱት። ስልክ ይወድቃል፤ ቻርጅ ያልቃል።

ደረጃ 10፦ አቀናብሩ

መጀመሪያ ድምፁን አስቀምጡ። ከዚያ ትዕይንቶቹን በመዘገባችኋቸው ሰከንዶች ላይ አሰልፉ። ሥዕሉ ካጠረ የመጨረሻውን ፎቶ አቆዩ፤ ከረዘመ ቁረጡ። ድምፁን አትንኩ።

ሙዚቃ ካስፈለገ የዩቲዩብ ነጻ የሙዚቃ ማከማቻ አለ። ክራር የሚጫወት ዘመድ ካላችሁ ደግሞ ጥቂት ኖታ ይቅዳላችሁ፤ የግሪኮቹ ሊራም የክራር ዘመድ ነው። ድምፁን ወደ 10 ወይም 15 በመቶ አውርዱት። በዝምታዎቹ ጊዜ ጨርሶ ይጥፋ።

«ወርቅ» የሚለውን ቃል በትልቁ ማሳየት ፊደል ለሚማሩ ልጆች ይጠቅማል። ግን አስቀድማችሁ ሞክሩ። አንዳንድ አፕ የግዕዝ ፊደልን ባዶ ሳጥን አድርጎ ያወጣዋል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለው ነጻ ፊደል አብዛኛውን ጊዜ ይፈታዋል።

ደረጃ 11፦ ለሁለት ወይም ለሦስት ልጆች አሳዩ

አጠገባቸው ሆናችሁ ስክሪኑን ሳይሆን ፊታቸውን ተመልከቱ። ዓይናቸውን ያነሱበትን ሰከንድ ጻፉ፤ የሚቆረጠው ያ ነው። «ወደድከው?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ አዎ ይላል። «ከዚያ ምን ሆነ?» ብላችሁ ጠይቁ። ዳቦውን ካልጠቀሰ የዳቦው ትዕይንት ቸኩሏል።

ደረጃ 12፦ ጫኑ

ዩቲዩብ ላይ ከሆነ «ለልጆች የተሠራ» የሚለውን ምረጡ። ከጥር 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግዴታ ነው። ይህን ስትመርጡ አስተያየት መስጫው ይዘጋል፤ የተመልካቹን መረጃ ተከትሎ የሚመጣ ማስታወቂያም አይኖርም። ለቤተሰብ ብቻ ከሆነ በቴሌግራም መላክ ይበቃል፤ ጥራቱ እንዳይወርድ በፋይል መልክ ላኩት።

ማስጠንቀቂያ

- መብረቅ ወይም የወርቅ ብልጭታ ስትሠሩ በአንድ ሰከንድ ከ3 ጊዜ በላይ አታብለጭልጩ። ለብልጭታ ስሜታዊ የሆነ ሕፃን ሊንቀጠቀጥ ይችላል።
- የብሌን ክቦቹ፣ መርፌውና ስቴኪኒው ከ3 ዓመት በታች ልጅ አጠገብ አይሁኑ።
- የሚግሉ አምፖሎችን ከወረቀት አርቁ። ኤልኢዲ ይሻላል።
- ልጆቻችሁ በድምፅ ከተሳተፉ ሙሉ ስማቸውን፣ ፊታቸውንና ትምህርት ቤታቸውን ቪዲዮው ላይ አታድርጉ።

የተለመዱ ስሕተቶችና መፍትሔያቸው

*ሥዕሉ ይንቀጠቀጣል።* መደቡ በፕላስተር አልተያዘም፣ ወይም ስልኩን በጣት ነክታችኋል። አራቱንም ጥግ ለጥፉ።

*የቁራጮቹ ጥላ ወፍራም ሆነ።* መብራቱ ከአንድ ወገን ብቻ ነው፣ ወይም ካርቶኑ ወፍራም ነው። ሁለተኛውን መብራት አቅርቡ።

*ልጆቹ መሃል ላይ ይሰለቻሉ።* አብዛኛውን ጊዜ የሽማግሌው ግብዣ ነው ጥፋተኛው። 10 ቀን ነው የቆየው፤ በቪዲዮ ግን 10 ሰከንድ ይበቃዋል። ጨረቃን በመስኮት ሦስት ጊዜ አሳልፉና ቀጥሉ።

*ሚዳስ ክፉ ሰው መሰለ።* ቅንድቡን ወደ ታች ሣላችሁታል። ቅስት አድርጉት። መንገድ የጠፋበት ሽማግሌ የሚያስተናግድ ሰው ነው፤ ልጁ ሲጠላው ሳይሆን ሲያዝንለት ነው ተረቱ የሚሠራው።

*መጨረሻ ላይ ምክር ተጨመረ።* «ስለዚህ ልጆች፣ ስግብግብ አትሁኑ…» የሚለውን ቁረጡት። ዳቦውን ያየ ልጅ አያስፈልገውም፤ 15 ሰከንድም ታተርፋላችሁ።

*ቁራጮቹ ጠፉ።* ሥራው እንዳለቀ ሚዳስን በፖስታ ውስጥ አስተኝታችሁ ስሙን ጻፉበት። ሁለተኛ ተረት አለው። በሙዚቃ ውድድር ላይ በአፖሎ ይፈርዳል፤ አፖሎ ተናዶ የአህያ ጆሮ ያበቅልበታል። ሚዳስ ጆሮውን ከሰው ይደብቃል፤ ፀጉሩን የሚቆርጠው አገልጋይ ብቻ ያየዋል። ቆቡን አታጣብቁ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ሁለት የአህያ ጆሮ ቆርጣችሁ ከሥሩ ማስገባት ብቻ ነው የሚቀራችሁ።